ኒቃብ የገለጡልኝ ፊቶች

ባሌ ሮቤ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍተን የምንሠራ ሴቶች ጥቂት ነን። ኒቃብ የሚለብሱ እናቶች ከጎባም ከዲንሾም እኔን ፈልገው የሚመጡት ለዚህ ነው። በሩን ቆልፌ መጋረጃውን እጋርዳለሁ፤ እነሱም ፊታቸውን ገልጠው ጉርድ ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶውን ግን አላጠፋም ነበር። መታወቂያው የጠፋበት ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንደገና እንዳይነሳ ብዬ የሁሉንም ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥ ነበር። ይሄ ለእኔ ትጋት ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ጨዋ ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ኮምፒውተር የሰውን ፊት መለየት እንዲማር ብዙ ፊት ማየት አለበት አለኝ። ስም አይፈልግም፣ ፊት ብቻ። እኔም ማሽኑ የባሌን ሰው ሳያውቅ መቅረት የለበትም ብዬ፣ ኮራ ብዬ ጭምር፣ ያለኝን ሁሉ ገለበጥኩለት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንደ እኔ ዓይነቷ ነው። የሴቶቹ ፎቶ እዚያው ውስጥ መኖሩ ትዝ ያለኝ ከሄደ በኋላ ነው። የሰጠኝን ስልክ ብደውል ብደውል የሚያነሳ ጠፋ። እኔ ጋ የቀረውን አጠፋሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በቅርቡ፣ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንዲት የቆዩ ደንበኛዬ ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ለፈተና ፎቶ ተጠይቃለች። እሷም እንደ እናቷ ኒቃብ ለብሳለች።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተውኝ ተቀመጡ። «የእሷም ፎቶ እንደ እኔው አንቺ ጋ ብቻ ነው የሚቀረው፣ አይደል?»

አዎ ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። በሩን ልቆልፍ ተነስቼ ነበር፤ አልቻልኩም። አፈርኩ። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ የእኔን ፊት ወንድ አየው?»

«ማሽን ነው የሚያየው፣ እናቴ።»

«ማሽኑን የሚያሠራውስ?»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ፣ መንገዱን ተሻገሩና ፊት ለፊት ወዳለው ፎቶ ቤት አመሩ። ተከትያቸው ሮጥኩ።

«እናቴ፣ እዚህ እኮ የሚያነሳው ወንድ ነው» አልኳቸው በሩ ላይ ደርሼ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እሱ ሲያያት፣ እኔም ቆሜ አየዋለሁ።»