ጡብ የሚለብሰው ቤት

ግንበኛው ጡቡን ከውሃ በርሜል ያወጣል፤ ሲሚንቶ አንጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ከአሮጌው የጭቃ ቤት ቋሚ ላይ በምስማር ያሰረውን ሽቦ ስቦ መጋጠሚያው ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ በሲሚንቶ ማንኪያው እጀታ ጡቡን ኳ ኳ አድርጎ ግራ ጆሮውን ያስጠጋል። ቀኙ የተደፈነው ይርጋጨፌ ላይ ራሱ ያለ ክፍተት ጡብ ያለበሰው ግድግዳ ሲደረመስበት ነው።

«ከጭቃው አጣብቀው እንጂ፤ በመሃሉ ይህን የጣት ያህል ክፍተት ለምን ትተዋለህ?» አሉት ባለቤቱ፣ ቡና ነጋዴው አቶ ሰብስቤ።

«ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ጌታዬ። ኮትም ሲጠብ ይተረተራል» አለና የካኪ ኮቱን ቁልፍ ፈታ።

ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት የሚያልፉትን ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል፦ «ከክረምቱ በኋላ ይህን ግድግዳ አንዴ አንኳኩልኝ። አይላላም። ከላላ ግን መጀመሪያ ሰዎቹን ከቤት አስወጡ፤ እኔን ከዚያ ትጠሩኛላችሁ።»