ሠላሳና አሥር ሲቀላቀል

የበረኪና ሽታ ወደተማርኩባት ከተማ፣ ወደ መርሳ ይወስደኛል። ወልድያ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ጠዋት ጠዋት አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በበጠበጥኩ ቁጥር፣ የዘጠነኛ ክፍላችን ትኩስ ቆርቆሮና የጠመኔው ብናኝ ትዝ ይለኛል። ቅናቱም ጭምር።

ከጎኔ አንድ ልጅ ይቀመጥ ነበር። ሂሳብ ስለሚከብደው መምህራችን ናቸው ያመጡት። «አንቺ አስረጂው፤ ሲገባው ወደ ቦታው ይመለሳል» አሉኝ። እወደው ስለነበር ቶሎ እንዳይገባው እጸልይ ጀመር።

የድብልቅ ሂሳብ ላይ ስንደርስ ጸሎቴ የሰመረ መሰለኝ። ሠላሳ በመቶና አሥር በመቶ ጨው ያላቸው ሁለት ውሃዎች እኩል ሲቀላቀሉ ስንት በመቶ ይሆናል ሲባል፣ «አርባ!» ይላል። በኤክስ፣ በእኩልታ አስረዳዋለሁ። ራሱን ይነቀንቅና ዞሮ ዞሮ «አርባ»። እሰይ እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ ከሲሪንቃ ተዛውራ አንዲት ልጅ መጣች። የመውሊድ ማግስት ከቤቷ ብርዝ በሁለት የውሃ ፕላስቲክ ይዛ መጣች፤ አንዱ ማር የጠገበ፣ አንዱ ውሃ የበዛበት። በእረፍት ሰዓት ልጁን መስኮቱ ጋ ጠራችው። የማሩ ሽታ እኔ ድረስ ደረሰ።

«ቢስሚላህ በልና ቅመስ። ይሄ ሠላሳው፣ ይሄ አሥሩ።» ኩባያ ውስጥ እኩል ቀላቀለችና ሰጠችው። «እህ፣ ከወፍራሙ ይበልጥ ጣፈጠህ?»

«ኧረ መሐል ላይ ነው! ሃያ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ቀናሁ። ያን ሁሉ ኤክስ የፈጀሁበትን ልጅ በአንድ ጉንጭ ብርዝ! ለእኔም ቀድታ አቀረበችልኝ። «ጾም ነው» አልኳት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

በነጋታው መምህራችን ሰሌዳው ላይ አሠሩት፤ ሳይሳሳት ጨረሰው። «ጎበዝ! በል ወደ ቦታህ» አሉት። ደወል ተደውሎ ክፍሉ ሲወጣ ደብተሮቹን ሊሰበስብ ወደ እኔ መጣ። የእኔን ደብተር አየና አዘነልኝ።

«አንቺ አሁንም በኤክስ ነሽ እንዴ? አልገባሽም መሰል። ላስረዳሽ?»

የክፍሉ አንደኛ ነበርኩ።

«አልገባኝም» አልኩት።

ተቀመጠ። በእርሳስ ሁለት ጠርሙስ ሣለልኝና ቀስ እያለ፣ እያግባባ አስረዳኝ። የመስኮቱ ፀሐይ እጁ ላይ ነበር። እንዲያ ተጠግቶኝ አያውቅም።

«ገባሽ?»

«እንደገና።»

ገና ሊጀምር ሲል የሲሪንቃዋ ልጅ ከበሩ ስሙን ጠራችው። ፊቱ በራ።

«ቆይ እሷን ልጥራልሽ» አለኝ እየተነሳ፣ «ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች።»