ኩብራ ሱዋኪን ልትቀመጥ የሄደች ጊዜ

ጎረቤቴ ኩብራ ሻይ ሻጭ ነበረች። የምነግራችሁ ጣሊያን መተማ በገባ በሦስተኛው ዓመት የሆነውን ነው፤ ያኔ ድንበሩ ገና ክፍት ነው፤ ግመሉም ሎሪውም ሱዳን በኩል ካለው ከገላባት ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። የኩብራ ዳስ ግመለኞች ጭነት በሚያራግፉበት ሜዳ ዳር ነበር። ጎህ ሳይቀድ እሳት ታነዳለች፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ የሰው ሁሉ ነው። «ኩብራ፣ ሻይ!» «ኩብራ፣ ስኳር ጨምሪ!» «ኩብራ፣ ይኼ ቀዝቅዟል እኮ!» እኔ አገኘሽ ከጎኗ ጠላ እሸጥ ነበርና እሷ ስትጠራ እኔ እደክም ነበር። የእኔንም ስም ይጠራሉ፤ እኔ ግን እሳደባለሁ። እሷ «አቤት» ትላለች። ባሏን ንዳድ ከወሰደባት ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ብትቀመጥም ለመነሣት ያህል ነው።

አንድ ቀን ግመለኛው ሐሚድ ሻዩን እየጠጣ በሱዳን ቀይ ባሕር ዳር ስላለችው ስለ ሱዋኪን አወራ። ዙሪያዋን ባሕር የከበባት፣ ቤቶቿ ነጫጭ የሆኑ ደሴት ናት አለ። ኩብራ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«እዚያ የሚያውቀኝ ሰው ይኖራል?» አለችው።

«ማን ያውቅሻል! እኔንም አያውቁኝ» አለና ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች። «አገኘሽ፣ ሱዋኪን ልሄድ ነው።»

«ምን ልትሸጪ?»

«ምንም።»

«ማን ሞቶብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝ። ልቀመጥ ነው። ባሕሩ ዳር እግሬን ዘርግቼ፣ ስሜን የሚጠራ ሳይኖር ልቀመጥ።»

«ዙሪያው ውኃ ከሆነማ በክረምት እዚሁ ቅርባችን ኮኪት ሂጂ፤ ውኃውም ጭቃውም ይከብሻል» አልኳት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው ብዬ ስቄ ተውኩት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኩብራም አልለቀቀችም። መንገዱን ከሻይ ጠጪዎቿ ቁራጭ ቁራጩን ትለቅም ጀመር። እስከ ገዳሪፍ ያለውን ሐሚድ ነገራት። ከገዳሪፍ ወዲያ ባቡር መኖሩን ከአንድ የከሰላ ነጋዴ ሰማች፤ የት እንደሚቆም፣ ሴት የት እንደምትሳፈር፣ ውኃ የት እንደሚገኝ ስኳር እየጨመረችለት አወጣጣችው። ሰውዬው ጥርሱ እስኪያልቅ ጣፋጭ ጠጣ። ጊዜውን ራሷ ቆረጠች፤ ሰሊጡ ከተሸጠ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጀምር። ዋልካው አንዴ ከራሰ ግመል እንኳ እግሩን አይነቅልም። ድርቆሽ አደረቀች፣ ተምር ገዛች፣ ዳሱን ለእኔ አደራ ሰጠች። ሻይም ጠላም ልቀዳ ነው ማለት ነው! ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩና ተቀበልኩ።

የቀራት የኬላው ፈቃድ ነበር። እዚያ ለጣሊያኑ ሹም የሚያስተረጉመው ኢሳ የሚባል የእኛው የሱቅ ሰፈር ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም።

«ለንግድ ነው፣ እትዬ ኩብራ?»

«አይደለም።»

«ዘመድ ጥየቃ?»

«እዚያ ዘመድ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ልትቀመጥ ነው በለው።»

ኢሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግሊዝ በሚገዛው አገር ባሕር ዳር ልትቀመጥ ነው ብዬ ብነግረው፣ ሰላይ ናት ብሎ እኔንም እርስዎንም ያስረናል። ዝያራ ነው ልበልልዎ። የደጋግ ሰዎች መቃብር ሊጎበኙ ነው እላለሁ።»

ኩብራ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደውና ፈቃዱ ወጣ።

መተማ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። ኩብራ ለዝያራ ልትሄድ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ወደ ዳሷ ጎረፈ። ልጅ ያጣችው «ጸልዪልኝ» አለች። ባሏ የጠፋባት «ለምኚልኝ» አለች። እትዬ ረቢዓም መጡ። የሰው ማሽላ ሲፈጩ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ከወፍጮው ሥር መንበርከክ ጉልበታቸውን ጨርሶታል። በጠርሙስ ዘይት ይዘው «በመቃብሩ መብራት ላይ ጨምሪልኝ፣ ጉልበቴን ይማሩልኝ» አሉ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!» ብለውም አሰሯት።

የኩብራ ፊት በየቀኑ እየጠቆረ ሄደ። «ምን ቸገረሽ? ዘይቱንም አድርሺ፣ መቀመጡንም ተቀመጪ» አልኳት።

«አይሆንም፣ አገኘሽ። የሁሉን ጉዳይ ይዤ ከሄድኩ እዚያም ኩብራ፣ ኩብራ ሲሉኝ ልውል ነው። ተቀምጬ ባድር ደግሞ አደራ በላ ነኝ።»

«ሞኝ!» ብዬ ሰድቤያት ወደ ጠላዬ ተመለስኩ።

ሐሚድ እሷን ይዞ ሊነሣ ባለበት ዋዜማ፣ ወደ ማምሻው ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ሴቶቹ ዱዓ አድርገው ሊሸኟት ዳሱ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም ምንጣፉ ላይ ቦታ አላጣሁም። እትዬ ረቢዓ እጃቸውን ለዱዓ ሲያነሡ ኩብራ ጠርሙሱን አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ዘይትዎን ይውሰዱ። እኔ ለዝያራ አልሄድም።»

የተነሣው እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ከሴቶቹ አንዷ ይህን ከኬላው ብታደርስ ፈቃዱም ይነጠቃል፣ እስሩም ይከተላል።

«ታዲያ የት ነው የምትሄጂ?» አሉ እትዬ ረቢዓ።

«ሱዋኪንማ እሄዳለሁ። ግን ልቀመጥ ነው። ሻይ መቅዳት ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ቀን ለራሴ ተቀምጬ አላውቅም። ደክሞኛል። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

«ለዚህ ነው ዱዓ ልታስደርጊን የነበረው?» አሉ በቁጣ። ኩብራ አንገቷን ደፋች። ዘይታቸውን አንሥተው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ አለና ተመልሰው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

«እኔም ተቀምጬ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ዘይቱ ይቅር። ለእኔም አንድ ቀን ተቀመጪልኝ።»

ያኔ ልጅ ያጣችው «ለእኔም» አለች። ባሏ የጠፋባት «ለእኔም» አለች። ኩብራ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ዱዓው ተደረገ፤ በማግስቱም ከሐሚድ ግመሎች ጋር ሄደች። ኬላው ዘንድ የጠየቀን ሁሉ ለዝያራ ናት የሚል መልስ ነው ያገኘ። አንዲትም ሴት አልተናገረች።

እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሻይ ቀዳሁ። ሲጠሩኝ ስድቤን አላጓደልኩም፤ ስኳሩን ግን አጓድያለሁ።

ኩብራ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ተመለሰች፤ ፊቷ ከስሏል፣ ዓይኗ ግን ጠርቷል። ሴቶቹ ምንጣፉን ሞሉት። ቤቶቹ አብዛኞቹ ፈርሰዋል፣ ሙቀቱ ከእኛው ይብሳል፣ ከሰው ድመት ይበዛል አለችን።

«ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው?» አልኳት።

«ለዚህ ነው» አለችና ፈገግ አለች። እንዲያ ፈገግ ስትል አይቻት አላውቅም፤ ቀናሁባት።

ለእያንዳንዷ ሴት፣ ለእሷ ብላ የተቀመጠችውን ቀን ነገረቻት፤ ሰምተው እየሳቁ ተበተኑ። እትዬ ረቢዓ ግን ሌላው እስኪወጣ ጠበቁ።

«የእኔስ?» አሉ።

«የአንቱ ቀን ደህና ነበር፣ እትዬ።»

«ተቀመጥኩ?»

«ተቀመጡ እንጂ። ከጠዋት ጀምረው።»

«ጉልበቴሳ?»

«ባሕሩ ውስጥ ነበር። ውኃው ለብ ያለ ነው። አንቱ ቀኑን ሙሉ አልተንበረከኩም።»

እትዬ ረቢዓ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። እንባቸው ሳያስቡት ወረደ። እኔም፣ እንዲያ የምሳደበዋ ሴትዮ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላቸው።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ከውጭ ተጣራ። «እትዬ ረቢዓ! እትዬ ረቢዓ! ማሽላው ተፈጨ?»

እሳቸው ከልምዳቸው ሊነሡ እጃቸውን መሬት አስደገፉ። ትከሻቸውን ያዝኩና ወደ በሩ ብቅ አልኩ።

«የሉም» አልኩት። «ሱዋኪን ናቸው።»