ለቀልዴ የወጣ የፍተሻ ትዕዛዝ

የቤቴ በር ሲንኳኳ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በር የሚያንኳኳ ወይ ሰባኪ ነው፣ ወይ ከላይ ፎቅ ውኃ ያፈሰሰብን ጎረቤት። ስከፍት የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚያስፈጽሙ ሦስት የፌዴራል ማርሻሎችና ላፕቶፕ ያቀፈ አንድ ቀጭን ሰው ቆመዋል። ለሰው ስተርክ ሃያ ነበሩ እላለሁ፤ ሄሊኮፕተርም ጨምሬባቸዋለሁ። ለአራቱም ቢሆን እንደ ሃያ ነው የተንቀጠቀጥኩት።

የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰጡኝ። ከሳሼ የቀድሞ አሠሪዬ ነው። ከኦሮራ ወደ ዴንቨር ሆስፒታሎች በሽተኛ የሚያመላልስ ድርጅት አለው፤ አምስት ዓመት ነድቼለታለሁ። በቅርቡ ለቅቄ ያገለገለች ቫን ገዛሁና ያንኑ ሥራ በራሴ ልጀምር ስል፣ «ምስጢራዊ የደንበኞች ዝርዝሬን ይዞ ወጣ» ብሎ ከሰሰኝ። ማስረጃውን እንዳላጠፋ ዳኛዋ ለእኔ ሳይነገር ቤቴ እንዲፈተሽ ፈቅደዋል። የቤታችን ተስፋ ያቺ ቫን ነበረች።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላኝ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይህን ብለሃል?»

ብያለሁ። ባለፈው ወር የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። አንዱ ማኅበርተኛ ደንበኛ ከየት ልታመጣ ነው እያለ ሲነካካኝ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ «የአሠሪዬ በሽተኞች በሙሉ እዚህ ውስጥ ናቸው፤ የሚያስነጥሱበትን ሰዓት ሳይቀር» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ዴንቨር መሃል አንበሳ አሳፍሬ ቀበቶ አሰርኩለት ብዬ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ማንም አምኖኝ አያውቅም። ይህችን ግን አንዱ አምኖ ለአሠሪዬ አደረሰለት። ሕጋዊ ተርጓሚ ተረጎማት፣ በመሐላ ፍርድ ቤት ገባች። ማስነጠሱም አልቀረም።

ስልኬን ወሰዱ፣ ላፕቶፓችንን ወሰዱ። የማኅበሩን ደብተር ሲያገላብጡ ባለቤቴ አሥራ ሁለት ቤተሰብ በየወሩ በተራ በመልአኩ ስም እንደምንደግስ አስረዳች። አንደኛው ማርሻል በትሕትና ሰማትና ሲመዘግበው «የደንበኞች ዝርዝር ሊሆን የሚችል» ብሎ ጻፈ።

ለጠበቃዬ፣ መቶ ዓመት ቢፈትሹ ከቀልድ በስተቀር አያገኙም ብዬ ፎከርኩ።

በሳምንቱ ችሎት ቀረብን። ያ ቀጭን ሰው ፍርድ ቤቱ የመደበው የኮምፒውተር ባለሙያ ኖሯል። ተነስቶ ዝርዝሩ ስልኬ ውስጥ መገኘቱን ተናገረ። ተሳስቷል ብዬ ልነሳ ስል ስልኬ ውስጥ ያገኛቸውን ፎቶዎች ስክሪን ላይ አወጣቸው። ሆስፒታሎቹ ምድር ቤት ፓርክ ስናደርግ ኔትወርክ ይጠፋና ጉዞውን የሚያሳየን የድርጅቱ አፕ ይደርቃል። ስለዚህ ሾፌሮች ሁላችን በየማለዳው የዕለቱን ጉዞ ስክሪንሾት እናደርግ ነበር፤ የበሽተኛው ስም፣ አድራሻ፣ የሚነሳበት ሰዓት። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ አንዱንም አላጠፋሁም። መኖራቸውንም ረስቼዋለሁ።

ዳኛዋ ማኅበር ላይ የተናገርኩት ቀልድ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነበር አልኩ።

«ግን እውነት ነው?»

«እኔም አሁን መስማቴ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

ማንም አልሳቀም። ክርክሩ እስኪያልቅ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድም ሰው በቫኔ እንዳላሳፍር ታዘዝኩ። ከዚያ ዝርዝር ውጭ ደግሞ የማውቀው በሽተኛ የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ዓመት ለኩላሊት እጥበት ያመላለስኳቸው እናት ከዘራቸውን ይዘው ቫኔ ድረስ መጡ።

«ማክሰኞ አንተ ነህ አይደል የምትወስደኝ?»

«አልችልም እማማ። ፍርድ ቤት ከልክሎኛል።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ሳቁ። «ደግሞ ዛሬ ምን አመጣህ! በል በጠዋት በር ላይ እጠብቅሃለሁ።»

እውነቴን ነው አልኳቸው። ማርያምን ብዬ ማልኩ። ይባስ ሳቁ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ። ክረምት ነው፣ በረዶ ይጥላል፤ ውጭ እንደሚቆሙ አውቃለሁ።

የቀድሞ አሠሪዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ማዶ ቆሞ ያየናል። ጠበቃዬ እንዳታናግረው ብሎኛል። ሄድኩና ማክሰኞ ጠዋት ሾፌር እንዲልክላቸው፣ እኔን ስለሚጠብቁ ደውሎ እንዲያስረዳቸው ነገርኩት። የሚነሱበትን ሰዓትና የአፓርታማቸውን ቁጥር በቃሌ አልኩለት።

አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ መዘገበው፤ ለሾፌሩ ይሁን ለጠበቃው፣ እንጃ።