ድርቆሽ ከነማሰሪያው

በሱሉልታ ድርቆሽ ሻጭ ሞልቷል። አዴ ገለቴ ግን አንድ ናቸው። ይህን የምለው የእሳቸውን ጭነት እያመላለስኩ እንጀራ ስለምበላ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት በዚህች አይሱዙ የስንቱን ሰው ሣር ወደ ሰበታ እንደወሰድኩ የማውቀው እኔ ተክሉ ነኝ። ስንቱ ላዩን ወርቅ፣ ውስጡን ሻጋታ አስጭኖኛል! የእሳቸው ጭነት ግን አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም።

ድሮ እስራቸው በሣር ገመድ ነበር። ረጃጅሙን ሣር ውሃ ነካ ነካ አድርገው ይገምዱና እስሩን ወገቡ ላይ ጥብቅ ያደርጉታል። ገዢ ሲመጣ ታዲያ አንድ አባባል ነበረቻቸው፤ "የገለቴ ድርቆሽ ከነማሰሪያው ይበላል!" እውነትም ነበር። ሌላው በሽቦና በላስቲክ ሲባጎ ሲያስር፣ የእሳቸውን አንስቶ ላሟ ፊት መወርወር ብቻ ነው። አባባሏ ከሱሉልታ አልፋ ዓለም ገናና ሰበታ ደረሰች። እኔም ለማራገፍ በደረስኩበት በር ሁሉ እንደ ክላክስ እጮኽባት ነበር።

ካቻምና ጎረቤታቸው ኦቦ ዲሪርሳ ከትራክተራቸው ኋላ የሚጎተት ማሽን አመጡ። ማሽኑ የታጨደውን ሣር እየለቀመ እንደ ምንጣፍ ይጠቀልልና መጨረሻ ላይ በላስቲክ መረብ ሸፍኖ ክብ ጥቅል አድርጎ ይተፋዋል። መንደሩ በሙሉ ለማየት ወጣ። አዴ ገለቴ ግን ማሽኑን ዞረው እንኳ አላዩትም፤ ዓይናቸው መረቡ ላይ ነበር።

"ኦቦ ዲሪርሳ፣ ይሄ መረብ ስንት ዓይነት አለው?"

"ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ ሳሳ ያለ ነው፣ ይረክሳል። አረንጓዴው ወፈር ይላል።"

"ከሁለቱም ክንድ ክንድ ቁረጥልኝ።"

ያንን ዓመት በማሽን አላስጠቀለሉም። ሁለቱን ቁራጭ ቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ አሰሩና በጋውን ሙሉ ለፀሐይ ሰጡት። ጎረቤቱ ሳቀባቸው፤ እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ! ግንቦት ላይ ሲያወርዱት ስስ የተባለው እጃቸው ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረፈረ። አረንጓዴውን እኔና ኦቦ ዲሪርሳ ግራና ቀኝ ይዘን ጎተትነው፤ አልተበጠሰም። "አይበጠስም ብዬ ነበር" አሉ አዴ ገለቴ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ማለታቸውን ባላስታውስም።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ማሽኑ እርሻቸው ገባ። ኦቦ ዲሪርሳ መረቡን ለመቆጠብ አንድ ዙር ተኩል ይበቃል አሉ። አዴ ገለቴ ትራክተሩ ፊት ቆሙ።

"ክረምቱን ውጭ የሚያድር ሣር ነው። ሦስት ዙር! ደግሞ መረቡ ከዳር እስከ ዳር ካልደረሰ፣ ጠርዙንም እቅፍ ካላደረገ አልረከብህም።"

"ኧረ ማሎ፣ እባክሽ ገለቴ!"

"ማሎን ለዝናቡ ንገረው።"

ሦስት ዙር ተጠቀለለ። ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ስለሚተኛበት ጥቅሎቹን ዳገቷ ላይ አስወጡ፣ ከሥር የባሕር ዛፍ አጠና አነጠፉ፣ በሆዳቸው አስተኝተው ደረደሩ። ሌላው ሰው እንደለመደው ክምር አንዱን ባንዱ ላይ ጫነ፤ በነሐሴ ግማሹ በሰበሰ። የአዴ ገለቴ ሲከፈት ላዩ ጣት የማይሞላ ግራጫ ነበር፤ ከዚያ ውስጡ በጥቅምት እንደታጨደ ሽታው ያውዳል። ኮሩ፤ መኩራትም ያንሳቸዋል።

የመጀመሪያውን ጭነት ለራቢአ አደረስኩ። ራቢአ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን ሰበታ ላይ ወተት ሸጣ የምታሳድግ ሴት ናት። ላሞቿ ሦስት ቢሆኑም ቤቱን የያዘችው አንዷ ናት፤ ቡሬ። የባሏ ወንድም ኡበይድ በረቱን ይጠብቃል። በሩ ጋ ደርሼ እንደ ልማዴ ጮኽኩ፤ "የገለቴ ድርቆሽ መጣ! ከነማሰሪያው ይበላል!" ሳንቃ ደግፈን ጥቅሎቹን አንከባለን አወረድንና ሄድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ራቢአ ደወለች። ቡሬ ቀለብ ትታለች፣ አታመሰኳም፣ ወተቷ ነጥፏል። ሐኪሙ ሆዷ ውስጥ ባዕድ ነገር አለ፣ ነገ ጠዋት ይከፈታል ብሏል። አዴ ገለቴ ስልኩን እኔው ፊት ነው የሰሙት።

"ከእኔ ድርቆሽ? አይሆንም! አንተ ተክሉ፣ መኪናህን አስነሳ።"

በማግስቱ በጠዋት ደረስን። እሳቸው ሰላምታም ሳይጨርሱ ቀጥ ብለው ወደ በረቱ ገቡ። ኡበይድ ጥቅሉን በገጀራ እንደ ዳቦ እየቆረሰ ለቀሩት ሁለት ላሞች ያቀርባል። ገንዳው ውስጥ፣ ከሣሩ መሀል፣ አረንጓዴ ክር ብቅ ብሎ ታየ። አዴ ገለቴ ጎንበስ ብለው ሳቡት።

"ኡበይድ፣ መረቡን የት ነው የምትጥለው?"

"ማሰሪያውን ነው፣ እማማ? አልጥለውም።" ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ አየ። "ከነማሰሪያው ይበላል ስትሉ አይደል እንዴ?"

ጆሮዬ ጋለ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ጣሪያ ላይ ሰቅለን መረቡን ስንፈትን፣ ዙሩን ስንቆጥር፣ ላም እንደማትፈጨው ለገዢ እንንገር ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእኔ ነው።

ሐኪሙ ቡሬን አቁሞ በማደንዘዣ ግራ ጎኗን ከፈተ። ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ቆየና አንድ የተድቦለቦለ ነገር ጎትቶ አወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ባልዲ ውስጥ ውሃ ሲያፈስበት አረንጓዴው ታየ። አዴ ገለቴ አንዱን አነሱና በሁለት እጃቸው ጎተቱት። አልተበጠሰም።

"አይበጠስም ብዬ ነበር" አሉ። በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው ተሰበረ፤ እንባቸው ወረደ። እኔ እሳቸውን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ።

"አዴ፣ በሩ ላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ዲሲ፣ ተው! አንተ ያስተጋባኸው የእኔን ቃል ነው።" ወደ ራቢአ ዞሩ። "ስሚኝ ልጄ። ኡበይድን አንዲት ቃል እንዳትናገሪው። ያመነው እኔን ነው። ቡሬ ካልተነሳች ከበረቴ የወደድሻትን ላም መርጠሽ ትነጃለሽ።"

ራቢአ የቡሬን አንገት አቀፈች። ለላሟ ፈርታ ነበር፣ ተቆጥታም ነበር፤ ሁለቱም ፊቷ ላይ ይታያል።

አዴ ገለቴ ወደ ሱሉልታ አልተመለሱም። ራቢአ ቤት ሰነበቱ። ሐኪሙ ሁለቱን ላሞችም መርምሮ ደህና ናቸው አለ። ገንዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ቅንጣቢ መረብ ሁሉ ለቀሙ፤ የቀሩትን ጥቅሎች አንድ በአንድ አስከፈቱ። ኡበይድን አጠገባቸው አቁመው አሳዩት፤ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ መቅደድ፣ መረቡን እንደ ካፖርት ማውለቅ፣ ማጠፍ፣ ከረጢት ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ብቻ ሣሩን መንካት። ከዚያ እሱ ሲያደርገው ቆመው አዩ። አንድ ክር አምልጦት ቢያገኙ እንደገና አስጀመሩት።

እኔ በአራተኛው ቀን ጠዋት ልወስዳቸው ሄድኩ። ራቢአና አዴ ገለቴ በረቱ ውስጥ ጎን ለጎን ዱካ ላይ ተቀምጠው ቡሬን ያያሉ። እኔም ቆምኩ። ላሟ አንገቷን ሰበቅ አደረገች፣ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ወደ ላይ ወጣ፣ መንጋጋዋ ወደ ጎን ሄደ፤ ተመለሰ፤ ሄደ። አመሰኳች!

ራቢአ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቆይታ ገለጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ከላሟ ሳትነቅል ጠየቀች።

"አዴ ገለቴ፣ ሁለተኛው ጭነት መቼ ነው የሚመጣልኝ?"

አዴ ገለቴ ቀና አሉ። ያ የድሮው ኩራታቸው ተመለሰ።

"የመጀመሪያውን መረብ ቆጥረሽ ስትመልሺ ነው። አሥር ጥቅል ወስደሻል፤ አሥር መረብ አመጪ፤ ሆዷ ውስጥ የነበረውም ይቆጠራል።"

ኡበይድ ከረጢቱን ተሸክሞ መጣ። እዚያው በረቱ ደጃፍ ላይ እየዘረጋን፣ ቅዳጁን ከቅዳጅ እያገጣጠምን ቆጠርን፤ ሐኪሙ ያወጣውን ጨምረን አሥር ሞላ። ከዚያ ወዲህ በየበሩ ስደርስ የምጮኸው "መረብ አምጡ!" ብዬ ነው።