ሠላሳ አምስቷ ሌንስና የትርንጎ ምርቃት

ይህ የሆነው ካቻምና ጥር ላይ ነው፤ እዚሁ በእኛ ቆላ፣ በኮኪትና በሸሕዲ መካከል። ሰው አልሞተበትም፣ ንብረትም አልጠፋበትም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጤ እርፍ አላለም። ለአንዲት ልጅ መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ቀርቻለሁና ዛሬ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሰኝ።

ሸሕዲ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ለመታወቂያ የሚመጣውን፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ ወርዶ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ለሚስቱ ፎቶ የሚልከውን፣ ሙሽራውን፣ ክርስትናውን፣ ሁሉንም አንስቻለሁ። ካሜራዬ ትልቅ ነበር፤ ሌንሱ ብቻውን ክንድ ያህላል። ቀለበቱን በግራ እጄ ጠምዘዝ ሳደርገው ሰው ይቀርበኛል፣ መልሼ ስጠመዝዘው ይርቃል። ከቆምኩበት መነቃነቅ አያስፈልገኝም ነበር። ዕድሜ ሲመጣ ግን ትከሻዬ እምቢ አለ። ሰርግ ውዬ ስገባ እጄ ዝሎ ማንኪያ መያዝ ያቅተኝ ጀመር።

ጎንደር ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ ሚረርለስ የሚሏትን፣ ውስጧ መስተዋት የሌላትን ትንሽ ካሜራ ላከችልኝ። ከእሷም ጋር ሁለት ሌንሶች ነበሩ፤ ሁለቱም ትንሿን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ቢያህሉ ነው።

«አባዬ፣ ዙም የላቸውም» አለችኝ በስልክ። «አንዷ ሠላሳ አምስት ናት፣ ሰፋ አድርጋ ታያለች። አንዷ ሃምሳ ናት፣ ጠበብ አድርጋ ፊት ታሳምራለች። ሁለቱንም ከሱቅ በአደራ ነው ያወጣኋቸው። ሞክርና አንዷን ያዝ፣ ሌላዋን ዓርብ በሚኒባሱ ሹፌር መልስልኝ።»

ምረጥ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስል ሰነበትኩ። አንዷን አወልቃለሁ፣ ሌላዋን እገጥማለሁ፣ ደግሞ እመልሳለሁ። በሃምሳዋ ሳነሳ ፊቱ ጥርት ይላል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ደግሞ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ልቤ ወደ እሷ አደላ።

መሞከሪያዬ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሙሀመድ ነበር። በረንዳው ላይ ከነመኪናው ሙሉውን ላነሳው ብዬ፣ በሃምሳዋ እያየሁ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ ስል አስፋልቱ ላይ ደረስኩ። አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ለቀቀብኝ።

«ኧረ ሰውዬ!» አለ ሙሀመድ መቀሱን ጥሎ እየሳቀ። «እኔን ለማንሳት ሱዳን ልትገባ ነው እንዴ?»

«ፊትህን ታሳምረዋለች እኮ።»

«የኔን ፊት ካሳመረችማ ተአምር ናት፣ ያዛት። ግን ከማን ጓሮ ቆመህ ልታነሳኝ ነው?»

ነገሩን የቆረጠችልኝ ትርንጎ ናት። እሷም ሞላ የሚባል የኮኪት ሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት። እሑድ ሰርጓ ነበር፤ በአባቷ ቤት ፎቶ እንዳነሳ የተነገረውም ለእኔ ነበር። ሐሙስ ዕለት ብቻዋን ወደ ሱቄ መጣች።

«አያ ምስጋናው፣ አንድ አደራ አለኝ» አለች። «አያቴ ከጭልጋ ደጋ ወርደውልኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ የእኛንም ሙቀት አልቻሉትም፤ ሰኞ በጠዋት ይመለሳሉ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጓዳ ገብቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ከአንቱ በቀር ማንም አይገባም። ሌላው ፎቶ ሁሉ ቢቀርብኝ ግድ የለኝም፣ ያቺን ብቻ።»

«ጓዳው ስንት እርምጃ ይሆናል?» አልኳት።

«ከአልጋው እስከ በሩ ሦስት ቢሆን ነው።»

በሦስት እርምጃ ሃምሳዋ አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አትይዝም። ዓርብ ጠዋት እሷን ለሹፌሩ ሰጥቼ ሠላሳ አምስቷን አስቀረሁ። እየቆጨኝም ቢሆን።

እሑድ ማለዳ ኮኪት ስደርስ ሞላ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። አንገቴ ላይ ያለችውን አየና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«አያ ምስጋናው፣ ካሜራው የታለ?»

«ይቺውልህ።»

«ይቺ? ትልቁስ? አማቾቼ ከገለጉ ድረስ መጥተው፣ ሞላ ለልጁ ሰርግ መጫወቻ አስመጣ ሊሉኝ ነው?»

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልተመቸኝም። ሠላሳ ዓመት የለመድኩት ክብደት ሲጎድል፣ ሰው መሀል ነጠላዬን የረሳሁ ያህል ተሰማኝ። ካሜራዋን በያዝኩ ቁጥር እጄ የሚይዘውን ያጣል።

ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ቅዳሜውኑ ከገለጉ መጥቶ ሸሕዲ አድሮ ነበር። ገና በማለዳ ገቡ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። ሰዓቱ ግን ያጣድፋል። የገለጉ መንገድ ሩቅም ክፉም ነው፤ በዚህ ዘመን ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት መግባት ይሻላል። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይጠግቡ «እንነሳ፣ እንነሳ» ይላሉ።

ጓዳ ገባሁ። የትርንጎ አያት አባባ ውበቱ አንገረብ በምንለው የሱዳን የገመድ አልጋ ላይ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። መስኮቷ አንዲት ናት። ትርንጎ ቬሎዋን ሰብስባ ገባችና ተንበረከከች። አያቷ በሁለት እጃቸው ጭንቅላቷን ዳብሰው ያዙት።

«ሂጂ ልጄ፣ በሰላም ግቢ። እጅሽ የያዘው ይባረክ። ከባልሽ ጋር አንድ ትራስ ላይ አርጁ» አሉ። እሷ ታለቅሳለች።

እኔ አነሳለሁ። ፊታቸውን ላቅርብ ብዬ እጄ በልማዱ ቀለበቱን ጠመዘዘ፤ የቀረበ ነገር የለም። ደግሜ ጠመዘዝኩ። አውራ ጣቴ ሌንሷን ጎንና ጎኗን ይዳብሳል፣ የለመደውን ይፈልጋል። በካሜራዋ ማያ ስመለከት ጉም ጉም አለብኝ። ላብ ነው፣ ዓይኔ ነው፣ እኔም እንባ እየመጣብኝ ነው አልኩና በእጅጌዬ ጠርጌ ማንሳቴን ቀጠልኩ። ትርንጎ ተነስታ ወጣች። እልልታው ቀለጠ። መኪኖቹ አቧራውን አስነስተው ሄዱ።

ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩና መነጽሬን አድርጌ ያነሳሁትን ማየት ጀመርኩ። የግቢው፣ የጭፈራው፣ የምግቡ ደህና ነው። የጓዳዋ ላይ ስደርስ ጉም ነው። ቀጣዩም ጉም። ሁሉንም አየሁ፤ ነጭ ነገርና ጥቁር ነገር እንጂ ሰው አይታይም።

ልጄ ዘንድ ደወልኩ።

«ከጎኗ ትንሽ ማንሸራተቻ አለች፣ ወዴት ናት?» አለችኝ።

«ወደ ታች።»

«በጣትህ ገፍተሃታላ! እንዲያ ስትሆን በእጅ ካላጠራሃት በራሷ አታጠራም። ደግሞ አባዬ፣ ቀለበቷ እኮ ማቅረቢያ አይደለችም፣ ማጥሪያ ናት። ምን ነካህ?»

ማንሸራተቻዋን ወደ ላይ መለስኳት። ምን ዋጋ አለው? ትርንጎን ልጥራ ብል፣ ሙሽራ ወደ ወጣችበት ቤት በዚያው ቀን አትመለስም፤ በእኛ ዘንድ ገዱ ጥሩ አይደለም። ነገ አያትየው ይሄዳሉ። ዕድሜያቸው ከዘጠና አያንስም።

እዚህ ላይ ነው የማፍርበት። «የካሜራዋ ካርድ ተቃጠለች» እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ማን ያውቃል? ሞላም እንደሆን ካሜራዋን ከመጀመሪያው ንቋታል። ውሸቱን በአፌ አላመጥኩት፣ ተለማመድኩት። ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከጓዳው በር እስከ ውኃ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ እስከ በሩ እመላለሳለሁ።

«ማን ነው የሚንቆራጠጠው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እኔ ነኝ አባባ፣ ፎቶ አንሺው።»

«ግባ። እግርህ አላስተኛኝ አለ። ምን ጠፍቶህ ነው?»

ገባሁ። ያን ያህል የተለማመድኩት ውሸት እሳቸው ፊት አልወጣ አለኝ። ላያዩኝ እንኳ አቀረቀርኩ።

«አባባ፣ ፎቶው አልወጣም። አበላሽቼዋለሁ።»

«የቱ ፎቶ?»

«የአንቱና የትርንጎ። ሁሉም።»

ከዘራቸውን ፈልገው ያዙ።

«እሷ አውቃለች?»

«አላወቀችም።»

«እንግዲያ ሞላን ጥራው። ጫማዬንም ፈልግልኝ፣ ከአልጋው ሥር ነው።»

ሞላ የጠላ ጣሳ እንደያዘ መጣ።

«መኪናህን አስነሳ» አሉት። «ልጅቷ ጋ ውሰደኝ። አንድ ምርቃት ረስቻለሁ።»

«ምርቃትም ይረሳል እንዴ? ሄደች እኮ! ልደውልላትና በስልክ ይመርቋት።»

«በስልክ አሜን አይባልም።»

«ሙሽራ ወደ ኋላ አትመለስም፣ አባባ።»

«እሷን ማን ተመለሺ አላት? እኔ ወደ ፊት ልሂድ።»

ሞላ የሟች ሚስቱን አባት መቼም እምቢ ብሎ አያውቅም። ጣሳውን አስቀምጦ ፒካፑን አስነሳ። እሳቸው ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ወጣሁ። ሞላ አንድም ጊዜ «አንቱ ለምን መጡ?» አላለኝም፤ ፎቶ አንሺ ሰርግ ላይ ሁሉም ቦታ ይገባል። በመንገዱ ሁሉ ያቺን ማንሸራተቻ እነካለሁ፣ ወደ ላይ መሆኗን አያለሁ፣ ደግሞ እነካለሁ። ቀድመው ወደ ገለጉ ከታጠፉ አንደርስባቸውም። ቆላው በሁለቱም በኩል የታጨደ ማሳ ነው፤ ነፋሱ እሳት ነው።

ያዳነኝ የነዳጅ ወረፋ ነው። ሸሕዲ ማደያው ጋ የሰርጉ መኪኖች ከነአበባቸው ከትራክተሮችና ከበርሜሎች ኋላ ተሰልፈው ደረስንባቸው።

ትርንጎ የአባቷን መኪና ስታይ በሩን ከፍታ ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባባ! ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ» አሉ እየተደገፉ ሲወርዱ። «መቀመጫ ስጡኝ።»

አንድ የትራክተር ሹፌር ባዶ ጀሪካን አገላብጦ አስቀመጠላቸው።

«ልጄ፣ እርጅና ክፉ ነው» አሉ። «አንቺን መረቅሁና የሚወለዱትን ረሳኋቸው። ነይ።»

ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ከነነጭ ልብሷ ተንበረከከች። ሚዜዋ «ልብሱ! ልብሱ!» አለች፤ ማንም አልሰማት። ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሁለት ጀለቢያ የለበሱ ሱዳኖችም ቀረብ ብለው ቆሙ። አባባ ውበቱ ያልተወለዱትን በቁመናቸው፣ በጤናቸው፣ በአንደበታቸው፣ በጥርሳቸው ሳይቀር መረቁ። በየመሀሉ ማደያው በሙሉ «አሜን!» ይላል።

እኔ በዚህ ጊዜ ቀለበቱን አልነካሁም። መቅረብ ስፈልግ በእግሬ ቀረብኩ፣ መራቅ ስፈልግ በእግሬ ራቅሁ። አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ አጥፌ ይዤው ነበር። ሠላሳ አምስቷ አያትና ልጅን ብቻ ሳይሆን ጀሪካኑን፣ ባርኔጣውን፣ የትራክተሩን ጎማ፣ አሜን ለማለት የተከፈተውን አፍ ሁሉ ያዘች። ወዲያው መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጥርት ብሏል።

መኪኖቹ ቀድተው ሄዱ። ሞላ ከሰዎች ጋር ሲያወራ አባባ ውበቱ ጆሮ ጠጋ አልኩ።

«አባባ፣ ለእኔ ብለው ነው የዋሹት?»

«ማን ዋሸ?» አሉ ቆጣ ብለው። «እውነትም ረስቼው ነበር።»

እንዲህ አሉና ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

ያቺ ፎቶ ገለጉ ትርንጎ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ሸሕዲ በመጣች ቁጥር ሱቄ ትገባለች፤ ላገኘችው ሰው «አያቴ እኮ ምርቃት ረስተው በመኪና ያሳደዱኝ ሴት ነኝ» እያለች ትስቃለች። ሙሀመድም ታሪኩን ከእሷ ሰምቶ ለደንበኞቹ ያወራል። እኔ አብሬ እስቃለሁ፤ እጄ ግን የሚይዘውን አጥቶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዳብሳል። አያትየው ጭልጋ በጤና አሉ፤ ሰላምታ ይልኩልኛል። አንድም ቀን ነገሩን አላነሱትም።

ትርንጎ ልጄ፣ እንግዲህ ስሚው። በጓዳ ያነሳሁሽ አልወጣም። አያትሽ የመጡት ወደውሽ ነው፣ እሱ ሐሰት የለበትም። ከአንገረባቸው ያስነሳቸው ግን የእኔ አውራ ጣት ነው። ቅር ካለሽ ሱቄን ታውቂዋለሽ፤ መጥተሽ ውቀሺኝ።