የመንገደኛው ሰዓትና የይበልጣል መርዶ

ፊዚክስ ላስተምር ፍኖተ ሰላም የገባሁ ዕለት ዲሬክተሩ አንድ ካርቶን ጠመኔ፣ የእንጨት ማስመሪያና የጠረጴዛ ሰዓት አስረከቡኝ። ጊዜው የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። የማታውቀውን ሲጠይቁህ አላውቅም በል አሉኝ። ምክራቸውን ሦስት ዓመት ጠበቅሁት።

በአራተኛው ዓመት፣ ማትሪክ ስድስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ ቄስ በእግራቸው መጡ። የተማሪዬ የይበልጣል አጎት ነበሩ። ይበልጣል ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ እኛ የዞረ ዲያቆን ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ። አባቱ የተቀበሩት ቄሱ ከመምጣታቸው አንድ ቀን አስቀድሞ ነበር። ቄሱ መርዶው ከፈተናው በኋላ ይነገረው ብለው ለመኑኝ። የጅጋ ገበያተኛ ሁሉ ተነግሮት አፉን ይዟል አሉ። እሺ አልኩ። በአገራችን ይህ እንደ ደግነት ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ልጁን ፊት ለፊት ማየት አቃተኝ።

ፈተናው አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ክለሳው ቀድሞ አለቀና ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ለተማሪዎቼ አጫወትኳቸው። ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ መንገደኛ ሰዓቱ ከቤት ሰዓት ይዘገያል። ለራሱ ግን ምንም አይታወቀውም፤ ሰዓቱም ልቡም እንደ ወትሮው ይመታሉ። ልዩነቱ የሚታየው ተመልሶ ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። በብርሃን ፍጥነት ዘጠና ስምንት በመቶ ደርሶ ቢመለስ፣ ቤት አርባ ቀን ሲሞላ ለእሱ ስምንት ቀን ገደማ ነው ብዬ የጠረጴዛውን ሰዓት አነሳሁ።

ይበልጣል እጁን አወጣ። «መምህር፣ በሄደበት አባቱ ቢሞቱ፣ ተዝካራቸውን በየትኛው ሰዓት ቆጥሮ ነው የሚያወጣ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። የአባቱ አርባ የዚያ ሳምንት እሑድ ነበር። አላውቅም ማለት ሲገባኝ፣ ለእሱ ገና ነው፣ አይቸኩል ብዬ መለስኩለት።

እሑድ ተዝካሩ ያለ እሱ ወጣ።

ፈተናው ያለቀ ዕለት አጎቱ መጥተው መርዶውን ነገሩት። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሲነሳ ወደ እኔ መጥቶ መቼ እንደ ሰማሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«የመንገደኛውን ሰዓት ያዘገየው ፍጥነቱ ነው» አለኝ። «የእኔ ሰዓት አልዘገየም፣ መምህር። አርባውን ቀን እዚሁ ኖሬያለሁ። በየሰንበቱ ስቀድስ የአባቴን ስም ከሕያዋን ጋር ሳስጠራ ነበር።»



ማትሪኩን በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ዩኒቨርሲቲ ግን አልገባም። ከዓመታት በኋላ ቡሬ ገበያ ላይ አየሁት። እሱም አየኝ፤ ሰላም ሳይለኝ አለፈ።

ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ። ያን ሰዓት ግን ተማሪ ፊት ደግሜ አላነሳሁም። ለወጣት መምህራን የምለው አንድ ነገር ነው፦ መርዶ በዕለቱ ይነገር። ፈተና ለከርሞም አለ።